«ሩይንድ» ብለው ይጻፉልኝ

ይህ የደረሰብኝ አምና ጥቅምት ላይ ነው። እኔ ነገር ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ። ማታ የተጣላሁትን ሰው ጠዋት ረስቼው «እንዴት አደርክ» እላለሁ። ይህን ግን ይኸው ዓመት አልፎትም አልረሳሁትም። እንዲያውም የምጽፍላችሁ ከዚያ ቀን የቱን እንዳስታወስኩ፣ የቱን እንደረሳሁ ለራሴም ግራ ስለገባኝ ነው።

የምሠራው ቂሊንጦ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ነው። የመተኮሻ ክፍል ሱፐርቫይዘር ነኝ። አሥራ አራት ሴቶች ከሥሬ አሉ። ስሜ ዘነበች ነው፤ ልጆቹ ፊት ለፊት «እትዬ ዘኒ» ይሉኛል። ከኋላዬ ደግሞ «ሳይረን» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቁጡ ነኝ፣ ምን ልዋሽ። አፌ ከሐሳቤ ይቀድማል።

ከልጆቹ መሃል ሌሊሴ የምትባል አዲስ ነበረች። የምትመጣው ከኮዬ ፈጬ ማዶ ነው። ቤተሰቦቿ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚያው ያርሱ ነበር፤ አባቷ አሁን የጥበቃ ሥራ ነው የሚሠሩት። ይህን ሥራ ለማግኘት ከፋብሪካው በር ላይ ስንት ጠዋት እንደቆመች እኔ ራሴ አይቻለሁ። በብርድ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ መታወቂያዋን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ። ገብታም ጎበዝ ሆነች። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አራት ቀን ብቻ ነበር የቀራት። ያን ካለፈች ቋሚ ትሆናለች። ከማለቁ በፊት መጥፎ ሪፖርት ከተጻፈባት ግን ያለ ብዙ ጥያቄ ትሰናበታለች። ደንቡ እንዲህ ነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሸሚዞቹ ነጭ ናቸው፣ ኮንቴይነሩ ሐሙስ ይጫናል ተብሏል፣ ሁላችንም እንደ ጉድ እንሯሯጣለን። ከምሳ በኋላ ሌሊሴ ተኩሳ የደረደረችውን አንዱን ሸሚዝ አነሳሁና ኮሌታውን ሳይ ቡናማ ነጠብጣብ። ቀጠን ያለ ሻይ የተረጨበት ይመስላል። ሌላውን አነሳሁ፤ እሱም። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን አነሳሁ። ሁለት ጥቅል ሙሉ እንደዚያው ሆኗል።

ደሜ ፈላ። «አቃጠልሽው አይደል!» አልኩ። «ዓይንሽ የት ነው? ልብሽስ? የሰው እንጀራ ላይ ነው እንዴ የምትጫወቺው? እጅሽ የነካው ነገር ሁሉ ይበላሻል ማለት ነው!» ሌላም ብዙ ተናገርኩ። ማሽኑ ሁሉ እየጮኸ የእኔ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር። አሥራ ሦስቱም ሴቶች አቀርቅረው ይተኩሳሉ። ሌሊሴ ካውያዋን አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆማ ታየኛለች። እንደማስታውሰው ዝም ብላ ነበር። ዝምታዋ ደግሞ ጭራሽ አናደደኝ። ንጹሕ ብትሆን ኖሮ ትናገር ነበር አልኩ በልቤ።

ሥራ አስኪያጃችን የውጭ ሰው ነው። ሸሚዞቹን አገላብጦ አየና በአስተርጓሚው በኩል «ማን ምን እንዳበላሸ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ስም ተጠቅሶ፣ ነገ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ይቅረብ» አለ። ሁልጊዜ የምትጽፍልን የቢሮ ጸሐፊ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ በመውጫ ወረቀት አንዱን ሸሚዝ ይዤ ወጣሁ።

ሰርቪስ ውስጥ ሆኜ ስልኬን አወጣሁና «አበላሸች» ብዬ ጻፍኩበት። የሆነ ቃል አመጣልኝ። ድምፁን ስነካው «ሩይንድ» አለ። ደግሜ አስነገርኩት። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት እስክትገላምጠኝ ድረስ አስነገርኩት። ደስ አለኝ፤ ከባድ ይመስላል፣ ለሪፖርት የሚሆን ቃል ነው አልኩ። አንዱን ቃል እንጂ ሙሉውን ደብዳቤ ግን ስልኩን አላመንኩትም።

ስለዚህ ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ሆኖ ሳለ ቃሊቲ ላይ ወረድኩ። እዚያ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ ጸሐፊዎች ተደርድረው ይቀመጣሉ። ከነሱ መሃል አንድ ሽማግሌ እንግሊዝኛ እንደሚጽፉ ሰምቼ ነበር። ጥላ ዘርግተው፣ ላፕቶፓቸውን ሳጥን ላይ አድርገው፣ ኮፍያቸውን ሰበር አድርገው ተቀምጠዋል። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ገደማ ነው፤ ፀሐይዋ ገና ትፋጃለች።

«ጋሼ፣ አጭር ነገር ነው» አልኳቸው። «‹ሌሊሴ የምትባል ሠራተኛ ሸሚዞቹን አበላሸች› ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉልኝ። ቃሉን አግኝቼዋለሁ። ‹ሩይንድ› ብለው ይጻፉልኝ።»

መጻፍ ጀምረው ነበር፤ ቆሙ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉና አዩኝ።

«ማነው ይህን ቃል የሰጠሽ?»

«ስልኬ።»

ሳቁ። «ስልክሽ ሸሚዙን አይቶታል?»

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። እሳቸው ረጋ ብለው ማስረዳት ጀመሩ። «ልጄ፣ የእኛ ‹ተበላሸ› ሰፊ ነው። ወጥም ይበላሻል፣ መኪናም ይበላሻል፣ ልጅም ይበላሻል፣ ሆድም ይበላሻል። እነሱ ጋ ለየብቻ ነው። ሥጋ ሰንብቶ ሲሸት ‹ስፖይል› ይሉታል፤ ልጅ ተሞላቅቆ ሲባልግም እሱኑ ይላሉ። ዕቃ ሲሰነጠቅ፣ መኪና ሲጋጭ ‹ዳሜጅ› ነው። ዳሜጅ ይጠገናል፣ ባይጠገንም ለሌላ ነገር ይሆናል። ‹ሩይን› ካልሽ ግን ነገሩ አለቀለት፣ ወደነበረበት አይመለስም ማለት ነው። ለፈረሰ ከተማ ይሉታል። ለሰው ስም ይሉታል። አሁን ንገሪኝ፤ ሸሚዞቹ የትኛውን ሆኑ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ተቃጥለዋል። ከባድ የሆነውን ይጻፉልኝ።»

«ይህን ሲያዩ ልጅቷን ምን ያደርጓታል?»

«ያሰናብቷታል» አልኩ።

እጃቸውን ከላፕቶፑ ላይ አነሱ። «እኔ እዚሁ አቃቂ የጨርቅ መጋዘን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ» አሉ። «ጣሪያ ያፈሰሰበትን፣ አይጥ የበላውን ለኢንሹራንስ በእንግሊዝኛ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አንድ ክረምት ውሃ የገባበትን ጣቃ ሳልፈታው፣ ከላይ ከላይ አይቼ ‹ሩይንድ› ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ወረቀት ጣቃው ተቃጠለ፣ የመጋዘኑ ኃላፊም ከሥራ ወጣ። ከቃጠሎው ተርፎ የወደቀውን አንዷ ሠራተኛ ቤቷ ወስዳ አጠበችው። ለልጆቿ ቀሚስ ሆነ። ሰውየው ግን ተመልሶ አልገባም። ሸሚዙን እስቲ አሳዪኝ።»

አወጣሁላቸው። ኮሌታውን ወደ ፀሐይ አድርገው አዩት፣ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት።

«አጥባችሁ ሞክራችኋል?»

«ቃጠሎ ይታጠባል እንዴ ጋሼ?»

«ሞክራችኋል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አልሞከርንም።»

«ታዲያ ያልሞከራችሁትን አልቆለታል ብዬ እንዴት ልጻፍ?»

ይኸኔ ነደደኝ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት የወጣሁ ሰው ነኝ፣ እግሬ አብጧል፣ ቤት ልጄ ትጠብቀኛለች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ላስጽፍ ነው፤ ቃል ልሰጥ አይደለም» አልኳቸው። አልተቆጡም። በአገጫቸው ወደ ማዶ አሳዩኝ። «እዚያ ጋ አንድ ጎበዝ ጸሐፊ አለ። ምንም አይጠይቅም። ያልሽውን ይጽፍልሻል» አሉ።

ሸሚዜን ጠቅልዬ ተነሳሁ። ሦስት አራት እርምጃ ሄጃለሁ። ለምን እንደተመለስኩ በርግጠኝነት አላውቅም። ደግነት ነው ብዬ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል። እልህ ሳይሆን አይቀርም፤ እሺ አጥበው ይሞክሩትና ይፈሩ፣ ከዚያ አፋቸውን ይይዛሉ ብዬ ነው።

አጠገባቸው ሎሚና ቃሪያ የምትሸጥ ሴት ነበረች። «ሁለት ሎሚ ግዢ» አሉኝ። ጨው ከሱቅ አመጣሁ። ኮሌታውን በሃይላንድ ውሃ አረጠብነው፣ ጨው ነሰነስንበት፣ ሎሚውን ጨመቅንበትና ሳጥኑ ላይ ለፀሐይ አሰጣነው። እሳቸው የሌላ ሰው ማመልከቻ መጻፍ ቀጠሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የሎሚ ሻጯን ወሬ እሰማለሁ። ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ አጠብ አጠብ አድርገው ሰጡኝ።

ነጠብጣቡ የለም። አገላብጬ አየሁት፤ ኮሌታው ንጹሕ ነው።

«እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። ሎሚ ሻጯም እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሸሚዞቹ ተረፉ ማለት ነው፣ ኮንቴይነሩም ይደርሳል። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

«ቃጠሎ በሎሚ አይለቅም» አሉኝ። «ይህ ዝገት ነው። ልጅቷ አላቃጠለችም። ነጭ ሸሚዝ ላይ ዝገት ከየት መጣ?»

ከየት መጣ? የእኛ ካውያ ከላዩ የውሃ ጠርሙስ ይንጠለጠልለታል። ውሃው በቀጭን ቱቦ ወርዶ እንፋሎት ይሆናል። ጠርሙሱ የሚሞላው በተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ ዝገት የሚባል ነገር አይገባበትም። ይህንኑ ለእሳቸው እያስረዳሁ እያለ ነው ትዝ ያለኝ። የራሴን ድምፅ ሰማሁት።

ያን ቀን ጠዋት ነው። የተጣራው ውሃ አልቆ ነበር። የሌሎቹ ጠርሙስ ገና ውሃ ነበረው፤ የሌሊሴ ግን ባዶ ሆኖ ቆማ «ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ። ውሃው እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብን። እኔ ግን ሐሙስ ሐሙስ እያልኩ ነበር። «ሥራ አይቁም፣ ውጭ ካለው በርሜል ቅጂ!» አልኳት። ያ በርሜል ወለል የምናጥብበት ነው። ውስጡ በዝገት የተበላ አሮጌ በርሜል። አልኳትና ወደ ሌላው መስመር ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ በሐሳቤ አልመጣም።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ሁሉ ስድብ ያወረድኩባት ያዘዝኳትን ስላደረገች ነው። አፍሬ ቀና ማለት አቃተኝ።

«አሁንስ ምን ልጻፍ?» አሉኝ ሽማግሌው።

ወዲያው እውነቱን ይጻፉ ያልኩ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ያልኩት «ስም ሳይጠቀስ፣ ውሃው ዝገት ነበረው ብቻ ተብሎ መጻፍ አይቻልም?» ነው። ሱፐርቫይዘር ለመሆን ዘጠኝ ዓመት ካውያ ይዤ ቆሜአለሁ። ልጄ የምትማረው በዚህ ሥራ ነው።

«ይቻላል» አሉ። «በደንብ ይቻላል። ግን ነገ ‹ውሃውን ማን ጨመረው?› ብለው ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ የማን ስም ይመጣል?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

«እሺ» አልኩ በመጨረሻ። «ውሃውን ከበርሜል እንድትቀዳ ያዘዝኩት እኔ ነኝ ብለው ይጻፉ። ዘነበች ብለው።»

ጻፉት። አምስት መስመር ነው። አንብበው በአማርኛ ፈቱልኝና ፈረምኩ። «‹ዳሜጅ› ነው ያልኩት» አሉኝ፤ «ይለቃል፣ ሞክረነዋል ብዬም ጨምሬበታለሁ።» እግራቸው ላይ ወድቄ ማመስገን ሲገባኝ፣ ከሐፍረቴ ብዛት በደንብ ሳልሰናበታቸው ሄድኩ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አነበበ። ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ፤ ይገባኛል። የታጠበውን ሸሚዝ ግን አስቀርቦ አየና የቀሩትም በእድፍ ማስለቀቂያ እንዲሞከሩ አዘዘ። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ለቀቁ። ስለ ሌሊሴ አንድም ቃል አልተነሳም። ጣጣው ከእሷ ላይ ወረደ አልኩና ትንፋሼ መለስ አለ።

ከዚያ ወደ ክፍላችን ሄድኩ። የሰደብኳት በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም በሰው ፊት መሆን አለበት ብዬ ቆርጬ ነበር። ማሽኖቹ ገና አልተነሱም፣ ልጆቹ ሽርጣቸውን እያሰሩ ነው። ሌሊሴ ጠረጴዛዋ ጋ ቆማለች። ያን ቀን እንደምትባረር እርግጠኛ ሆና ነው የመጣችው፤ ከሳጥኗ ውስጥ ዕቃዎቿን አውጥታ በፌስታል ይዛቸዋለች።

«ሌሊሴ» አልኳት ሁሉም እየሰሙ። «ሸሚዞቹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከበርሜሉ ቅጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ረስቼው ነው። ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ አንቺን የሚነካሽ ነገር የለም። ይቅር በይኝ እህቴ።»

አቀርቅራ ሰማችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለች።

እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩት ነበር። ተቃቅፈን፣ ሁሉም አጨብጭበው፣ ጥሩ ታሪክ ይሆን ነበር። እኔ ግን አፌ መቼ ያርፋል! በፍቅር መውቀሴ ነው፤ ትከሻዋን ይዤ «ግን አንቺስ ምነው? ያዘዝሽኝ አንቺ ነሽ አትይኝም ነበር? ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። የገረማት መሰለኝ።

«ዝም አላልኩም እኮ እትዬ» አለች። «ነግሬሽ ነበር።»

«መቼ?»

«ትናንት ነዋ። እዚሁ። ስትቆጪኝ። ‹ከበርሜሉ ቅጂ ያልሽኝ አንቺ ነሽ› አልኩሽ። ሁለት ጊዜ ነው ያልኩሽ።»

ሳቅ አልኩ። «ኧረ አላልሽኝም» አልኳት፤ እንዳላለችኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ዞሬ ሌሎቹን አየሁ። ይመሰክሩልኛል ብዬ ነው። ሁሉም አቀረቀሩ። በመጨረሻ ከሁሉም የምትቀርበኝ፣ አብረን ስንት ዓመት የሠራን ወርቅነሽ፣ የሽርጧን ማሰሪያ እያፍተለተለች «ብላሻለች ዘኒ» አለችኝ። «ጮክ ብላ ነው ያለችሽ። ሁላችንም ሰምተናል።»

ፌስታሉን ከሌሊሴ እጅ ተቀብዬ ዕቃዎቿን ወደ ሳጥኗ መለስኩ።

ይኸው ዓመቱ ሄደ። ሌሊሴ የሙከራ ጊዜዋን አልፋ ቋሚ ሆናለች፤ ካውያ ላይ ከእሷ የሚስተካከል የለም። ቂም የያዘችብኝ አይመስለኝም፤ ለመስቀል ቤቷ ጠርታኝ ሄጃለሁ። ሽማግሌውንም በኋላ ፈልጌ አግኝቼ አመስግኛቸዋለሁ። ማዘዜን መርሳቴ ብዙም አያስጨንቀኝም። በጥድፊያ ያዘዘውን የማይረሳ የለም።

የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ከፊቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆማ፣ ጮክ ብላ፣ ሁለት ጊዜ ነግራኛለች። እኔ የማስታውሰው ግን ዝም ብላ ስታየኝ ነው፤ በመጽሐፍ እንድምል ብትጠይቁኝ ዝም ብላ ነበር ብዬ እምል ነበር። ቤቴም ይህን አድርጌ ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ «ዝምተኛ ናት» የምላትን ልጄን ሳይ ይጨንቀኛል። አንዳንዴ ሰርቪስ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ያን ቀን መልሼ ለማየት እሞክራለሁ። ካውያው ይታየኛል፣ ሽርጧ ይታየኛል፣ እኔ ስጮህም ይሰማኛል። የሌሊሴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አሁን አሁን የማየው ይመስለኛል። ድምፁ ግን እስከ ዛሬ አልመጣልኝም።